ሲሞቅ የሚያኮርፍ መኪና፦ ሮታሪ ሞተር ነዳጅ ሲያፍነውና ሞቆ አልነሳም ሲል ምን እንፈትሽ?

ጠዋት ላይ መኪናዬን ያንቀሳቀስኳት ሦስት ሜትር ብትሆን ነው። የአክስቴ ልጅ ሥራ ሊገባ መውጫ አጣና «እስኪ ትንሽ ወደዚያ በልልኝ» አለኝ። አስነሳሁ፣ ወደ ኋላ አልኩ፣ አጠፋሁ፣ ተመልሼ ተኛሁ። ሜሪላንድ ነው፣ ጥር ነው፣ በዚያ ብርድ ማን ቆሞ ሞተር ያሞቃል? ከሰዓት ላይ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች! የቤንዚኑ ሽታ ከማርሚታው ወጥቶ ጎረቤት ደርሷል።

መኪናዋ ማዝዳ አርኤክስ-8 ናት፣ ሞተሯ ሮታሪ ነው። መጀመሪያ ያየልኝ መካኒክ «የነዳጅ ፖምፓ ነው» ብሎ ቀየረ። ሁለተኛው ደግሞ «ሞተሩ አልቋል፣ አትልፋ» አለኝ። ሁለቱም ተሳስተው ነበር። ቢያንስ ያን ቀን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የእነዚህን መኪኖች ሁለት በሽታ ሲያምታታ አይቻለሁ። አንደኛው ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነዳጅ ሲያፍነው ነው። ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ዳግም አልነሳም ሲል ነው። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ማርጀቱን የሚናገርበት መንገድ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ወይ ለረጠበ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ ለሚያቀጣጥለው) ብሎ ሞተር ይገዛል፣ ወይ ለሞተ ሞተር ካንዴላ ሲቀያይር ይከርማል።

መጀመሪያ ሞተሩ ውስጥ ምን እንዳለ

ፒስተን የለም። ቫልቮላ የለም። ጎኖቹ ያበጡ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ማለትም ሮተሩ፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ በሚመስል ቤት ውስጥ ይዞራል። አርኤክስ-8 ሁለት ሮተር አላት፤ እያንዳንዱ 654 ሲሲ ነው፣ ሲደመር 1.3 ሊትር። ሮተሩ አንዴ ሲዞር ዘንጉ ሦስት ጊዜ ይዞራል። በሦስቱ ጫፎች ላይ ኤፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ማሸጊያዎች አሉ፤ ከሥራቸው ስፕሪንግ አለ፣ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው አየሩን የሚያፍኑት እነሱ ናቸው። የሚያለሰልሳቸው ደግሞ ሞተሩ ሆን ብሎ ወደ ውስጥ የሚረጨው ጥቂት ዘይት ነው። አዎ፣ ይሄ ሞተር ዘይት ይበላል፤ የተሠራው እንደዚያ ነው። ዘይት ሳያዩ የሚነዱ ሰዎች ግን አሉ፣ እግዜር ይሁናቸው።

አሁን አስቡት። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨመር አድርጎ ይሰጣል። ሳይሞቅ ካጠፋችሁት ያልተቃጠለው ቤንዚን ውስጥ ይቀራል። ቤንዚን ደግሞ ዘይት ያጥባል። ዘይቱ ሲታጠብ ማሸጊያው አያሽግም፣ ኮምፕሬሽን (ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይወርዳል። ኮምፕሬሽን ከሌለ አይቀጣጠልም፣ ስላልተቀጣጠለ እናንተ እንደገና ስታርት ታደርጋላችሁ፣ ስታርት ባደረጋችሁ ቁጥር ሌላ ቤንዚን ይገባል፣ ካንዴላዎቹም ጨርሰው ይረጥባሉ። አዙሪቱ ይሄ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተነሳ እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አንሱ።

ደረጃ 1፦ ጆሮ

ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ስልካችሁን አውጡና ስታርት ስታደርጉ ድምፁን ቅረጹት። ጤነኛ ሮታሪ ሲዞር እኩል እኩል የሚመታ ትንፋሽ አለው፤ ኡፍ-ኡፍ-ኡፍ-ኡፍ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የታፈነ ሞተር ግን ትንፋሹ ይጠፋና እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን እዝዝዝ ብሎ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ምክንያቱም የሚገፋው ነገር የለም። አንድ ማሸጊያ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ያነክሳል፦ መታ፣ መታ፣ ዘለለ። ይሄን ማንከስ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ከሰማችሁት ወደ ደረጃ 6 ዝለሉ።

ደረጃ 2፦ ባትሪና ሞተሪኖ

አሰልቺ ነው ግን አትዝለሉት። ሮታሪ ለመነሳት ፍጥነት ይፈልጋል፤ ፋብሪካው ኮምፕሬሽን የሚለካው በደቂቃ 250 ዙር ላይ ነው። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ በማሸጊያዎቹ ሥር አየር ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ስታርት ስታደርጉ ደግሞ ከ10 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪውን ወይ ገመዶቹን ጠርጥሩ። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ፍቱና ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። የመጀመሪያዎቹ አርኤክስ-8ዎች ሞተሪኖ ደካማ ነበር፤ ማዝዳ ራሱ ኋላ ላይ ፈጠን የሚል ሞተሪኖ አውጥቷል። የእናንተ አሮጌው ከሆነ ቀይሩት፤ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ወደዚህ ሞተሪኖ ነገር ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

ደረጃ 3፦ የታፈነውን ማስተንፈስ

ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ርገጡት፣ እዚያው ያዙት፣ ከዚያ ስታርት አድርጉ። እንዲህ ሲደረግ የአርኤክስ-8 ኮምፒውተር ኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ የሚረጩትን) ይዘጋል፣ አየር ብቻ ነው የሚገባው። ከ10 ሰከንድ አትለፉ። አንድ ደቂቃ አሳርፉ፣ ድገሙ። ሁለት ሦስት ጊዜ በቂ ነው። መሃል ላይ ለመነሳት ሲንተፋተፍ ከሰማችሁ እግራችሁን ቀስ እያላችሁ አንሱ። ባትሪው እየደከመ ከመጣ ግን አቁሙ፤ ከዚህ በኋላ ግብግቡ ትርፍ የለውም።

በዚህ ካልተነሳ ካንዴላ መፍታት ነው። አርኤክስ-8 ላይ አራት ካንዴላ አለ፣ ለአንድ ሮተር ሁለት ሁለት፣ ሁሉም በግራ በኩል። መኪናዋን በክሪክ አንሱና ደህና መደገፊያ አስገቡ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ። የግራውን የፊት ጎማ ስታወጡ መንገዱ ይከፈታል። የታችኛው ካንዴላ ሊዲንግ (መሪው) ነው፣ የላይኛው ትሬሊንግ (ተከታዩ)። ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም! ከፋብሪካ የሚመጡት የኤንጂኬ ካንዴላዎች የታችኛው ኤል፣ የላይኛው ቲ የሚል ምልክት አላቸው። አንድ ልጅ አራቱንም አንድ ዓይነት ገዝቶ አስገብቶ ለምን እንደሚንተፋተፍ ሲጨነቅ አግኝቼዋለሁ። ገመዶቹ ላይም ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉባቸው፤ ከተቀያየሩ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ካንዴላውን ስታወጡት ተመልከቱት። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ታፍኗል፣ አለቀ። ደረቅ ከሆነ ችግሩ ነዳጅ መብዛት አይደለም፤ የነዳጅ አለመምጣት ወይም ኮምፕሬሽን ሊሆን ይችላልና በዚህ መንገድ አትቀጥሉ።

ቀጥሎ ያለው አደገኛ ስለሆነ በጥሞና። የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ አውጡ፤ የትኛው እንደሆነ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተስሏል። የአራቱንም ቦቢና (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን) ሶኬት ንቀሉ። ሁለቱንም ነው የምላችሁ። አሁን ስታርት ሲደረግ ከካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚን እንደ ሽቶ እየተረጨ ይወጣል። እኔ ያን ቀን ግድግዳው ድረስ ደርሶ ነበር። አንድ የእሳት ብልጭታ ካገኘ ታሪኩ ሌላ ነው። ስለዚህ በዝግ ጋራዥ ውስጥ አይሠራም፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወዳጅም ያን ቀን ቤቱ ይዋል። ቀዳዳው ፊት አሮጌ ጨርቅ አንጠልጥሉ፣ 10 ሰከንድ አዙሩ፣ አሳርፉ፣ ጨርቁ ላይ እርጥበት መምጣቱ እስኪያቆም ድጋሚ አዙሩ።

ከዚያ የታጠበውን ዘይት መተካት አለባችሁ። ከፋርማሲ መርፌ ግዙ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰኩ፣ ለእያንዳንዱ ሮተር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡ። የድሮ ሰዎች የካምብዮ ዘይት ነው የሚጨምሩት። ይሠራል፤ ግን ጭሱ ሰፈር ይበጠብጣል፣ ተራ የሞተር ዘይት ያው ሥራውን ይሠራል። ትንሽ ጊዜ አዙሩት፣ ዘይቱ ሦስቱንም ጫፍ እንዲነካ። አሁን ድምፁን ስሙ፦ ኡፍ-ኡፍ-ኡፉ ተመልሶ መምጣት አለበት። እኔ በዚህች ሰዓት ነው ፈገግ ያልኩት።

አዲስ ወይም በደንብ የደረቁ ካንዴላዎች ግጠሙ። በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ካሰራችሁ በኋላ በቁልፍ ትንሽ ነው የሚጨመረው፤ ቤቱ አሉሚኒየም ነው፣ ጉልበት አይወድም። ቦቢናና ፊውዝ መልሱ። ባትሪውን ቻርጅ ሳታደርጉ አትሞክሩ፣ ወይም ከሌላ መኪና ኬብል አያይዙ። ሲነሳ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ብዙ ጭስ። አትደንግጡ፣ ለጎረቤት ግን ቀድማችሁ ንገሩ። እኛ ሰፈር አንዲት እናት እሳት አደጋ ሊጠሩ ስልክ አንስተው ነበር።

ከተነሳ በኋላ ጋዝ አትርገጡበት። ሙቀቱ መሃል እስኪደርስ በራሱ ይሥራ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ጭስ ማጥሪያው ውስጥ ተጠራቅሟል፤ አሁን ብታስጮኹት እዚያ ውስጥ ይነድና ማጥሪያውን ያቀልጠዋል። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አጥፉ፣ አንዱ ካንዴላ አልሠራም ማለት ነው። በመጨረሻ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗልና ለውጡት።

ደረጃ 4፦ ለምን ታፈነ?

ምክንያቱ እንደ እኔ ሦስት ሜትር ነድቶ ማጥፋት ከሆነ መልሱ ታውቋል። እንዲሁ ያለ ምክንያት የሚታፈን ከሆነ ግን የእሳቱን ወገን ተመልከቱ። አርኤክስ-8 ላይ ቦቢናዎቹ ይደክማሉ፤ ብዙ ባለቤቶች በ50,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አራቱንም ከካንዴላዎቹ ጋር ይቀይራሉ፣ እኔም እንደዚያው። የደከመ ቦቢና መኪናዋ እየሄደች ላይታወቅ ይችላል፤ በብርድ፣ በወረደ ባትሪ ግን ያጋልጣል።

ሌላው ርካሽ ምርመራ የሙቀት ሴንሰሩ ነው። ጠዋት፣ መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ካደረች በኋላ፣ ኦቢዲ-2 ማንበቢያ (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰኩና የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት አንብቡ። ከውጭው አየር ጋር እኩል መሆን አለበት። ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ ሴንሰሩ ከዜሮ በታች 20 ካለ ኮምፒውተሩ ሳይቤሪያ ያለ መስሎት ነዳጅ እያፈሰሰ ነው። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም አለ፤ ይሄ በተለይ ከ1986 እስከ 1991 በነበሩት የአርኤክስ-7 (የቀድሞዋ ሮታሪ ማዝዳ) መኪኖች የታወቀ ነው፣ ባለቤቶቻቸው የነዳጅ ማቋረጫ ማብሪያ የሚያስገጥሙት ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ሞቆ አልነሳም ሲል

አሁን ወደ ከባዱ መጣን። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። መኪናዋ ጠዋት በአንድ ጊዜ ትነሳለች። መንገድ ላይ ምንም አትልም። ነዳጅ ማደያ ትቆማላችሁ፣ ትሞላላችሁ፣ ከፍላችሁ ስትመለሱ አትነሳም። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ክላክስ አለ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ ስትሞክሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች።

ለምን ሲሞቅ? ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ቀዝቃዛ እያለ ወፍራሙ ዘይት የተበላውን ክፍተት እየደፈነ ይሸፍንለታል፤ ሲሞቅ ገመናው ይወጣል። ሞተሪኖውም በሙቀት ይደክማል። ሁለቱ ድክመቶች ማደያው ላይ ይገናኛሉ።

ግን ወዲያው «ሞተር አለቀ» አትበሉ። እዚያው እንደቆማችሁ ሦስት ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ስታርት አድርጉ። በዚህ የምትነሳ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የተሳሳተ ሴንሰር ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ማኑዋል ከሆነችና ወዳጅ ካለ ገፍታችሁ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ተገፍታ ቶሎ የምትነሳ፣ በሞተሪኖ ግን እምቢ የምትል ከሆነ ችግሩ የመዞሪያ ፍጥነት ወይም ኮምፕሬሽን ነው። ሦስተኛ፣ ስታርት ስታደርጉ ቮልቱን አንብቡ፤ ጠዋት ካያችሁት በጣም ከወረደ ኮምፕሬሽን ከማለታችሁ በፊት ሞተሪኖውን አስፈትሹ።

አርኤክስ-8 ላይ አንድ ነፃ ሙከራ ደግሞ አለ። ባትሪ ተነቅሎ ወይም ሴንሰር ተቀይሮ ከሆነ ኮምፒውተሩ የዘንጉን ሴንሰር መለኪያ እንደገና መማር አለበት። ቁልፉን ወደ ኦን አድርጉ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ የፍሬን ፔዳሉን በ8 ሰከንድ ውስጥ 20 ጊዜ ርገጡ። የዘይት ግፊት መርፌው ከፍ ብሎ ከተመለሰ ተሳክቷል። ቂል ይመስላል፤ ፓርኪንግ ውስጥ ሲያዩኝ ሰዎች የታመምኩ መስሏቸው ነበር። ግን ብር አያወጣም።

ደረጃ 6፦ ኮምፕሬሽን

ይሄ ዳኛው ነው። ሞተሩ ሙቅ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተለካ ቁጥር አታምኑ፣ ሻጭ ካሳያችሁ ደግሞ ጭራሽ። ለሮታሪ የተሠራ መለኪያ የእያንዳንዱን ሮተር ሦስት ክፍል ለየብቻ ያሳያል፣ በአጠቃላይ ስድስት ቁጥር። የፒስተን መኪና መለኪያ ከፍተኛውን ብቻ ይዞ ስለሚቆም ሁለቱን ሌሎች ይደብቃል። ሌላ ከሌላችሁ ግን የአየር ማስተንፈሻዋን ቫልቭ ተጭናችሁ ያዙና መርፌው ሲዘል በስልክ በዝግታ ቅረጹት። ትክክለኛ ቁጥር አያገኙበትም፤ ሦስቱ ዝላዮች እኩል መሆናቸውን ግን ታያላችሁ።

የአርኤክስ-8 የፋብሪካ ቁጥር በ250 ዙር 830 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ማለትም 120 ፒኤስአይ። ዝቅተኛው 680 ኪሎፓስካል፣ ወደ 98 ፒኤስአይ ተኩል ነው። በአንድ ሮተር ክፍሎች መካከል ከ150 በላይ፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ከ100 ኪሎፓስካል በላይ ልዩነት መኖር የለበትም። ሞተሪኖው የዞረበትን ፍጥነት አብራችሁ ጻፉ፤ በ300 ዙር የተገኘ ጥሩ ቁጥር ወደ 250 ሲመለስ መጥፎ ሊሆን ይችላል። ከፍታም አለ። ዴንቨር ያላችሁ ወገኖች፣ ከተማችሁ 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል፣ ቁጥራችሁም በዚያው ልክ ይወርዳል። ሂሳቡን ሳትሠሩ ሞተር አታውርዱ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። አንድ ኤፔክስ ሲል ሁለት ክፍሎችን ስለሚለይ እሱ ከተሰበረ ሁለት ቁጥር አብሮ ይወድቃል። አንድ ብቻ ከወደቀ የጎን ማሸጊያውን ጠርጥሩ። ሦስቱም እኩል ዝቅ ካሉ አጠቃላይ እርጅና ነው፣ ወይም ገና ያልወጣ ቤንዚን። ለዚህ ነው የታፈነ ሞተር ኮምፕሬሽን የማይለካው፤ ደረጃ 3ን ጨርሳችሁ፣ አሙቃችሁ፣ ከዚያ።

የእኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለካ የፊተኛው ሮተር 610፣ 620፣ 600 አወጣ፤ የኋለኛው ሦስቱም ከ700 በላይ። ሁለተኛው መካኒክ ጊዜውን ሳተ እንጂ ትንቢቱ ደረሰ። ፈጣኑን ሞተሪኖ አስገጠምኩና አንድ ክረምት ተጨማሪ ነዳኋት። ይሄ ነው ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር። ፈጣን ሞተሪኖ ሕመሙን ይደብቃል፣ አያድንም። ያገለገለ አርኤክስ-8 ስትገዙ አዲስ ሞተሪኖ ካያችሁ «ለምን ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ጠዋት አስነስቶ ያሳያችኋል፤ እሱ ምንም አያረጋግጥም። ሃያ ደቂቃ ንዱ፣ አጥፉ፣ ማኪያቶ ጠጡ፣ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ አስነሱ። ማዝዳ አሜሪካ ውስጥ ከ2004 እስከ 2008 ላሉት ሞዴሎች የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ጊዜው አልፏል፤ ግን በዚያ ዋስትና ሞተራቸው የተቀየረ ብዙ መኪኖች አሉና ወረቀቱን ጠይቁ።

አሁን ሞተሯ ታድሷል። በየሙሌቱ ትንሽ የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ቤንዚኑ ላይ እጨምራለሁ፣ ከ200 አንድ እጅ ያህል። ሳትሞቅ አላጠፋትም። የአክስቴ ልጅ አሁንም ጠዋት ጠዋት መውጫ ያጣል። ቁልፉን ኦን አድርጌ መሪውን እይዛለሁ፣ ማርሹን ዜሮ አደርጋለሁ፣ እሱ ከኋላ ይገፋል።